ከ1 ወጥቶ ወደ 1 የሚወርደው ቁጥር

ጥያቄው የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ጠያቂው አባት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«መምህር ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ጀርባ ላይ 12345678987654321 ብላ ጽፋ ‹አባዬ፣ ይሄ ቁጥር ፕራይም ነው?› አለችኝ። ስልኬ ላይ ብሞክረው ነጥብና ፊደል ያለበት ነገር አወጣ። ቢሮ ገብቼ ኤክሴል ላይ ስጽፈው ደግሞ መጨረሻው 300 ሆነ። እሷ የጻፈችው 321 ነው። ማን ነው ትክክል? ፕራይም መሆን አለመሆኑስ ያለ ማሽን ይታወቃል? ከግራም ከቀኝም ሲነበብ አንድ ዓይነት መሆኑ ምን ትርጉም እንዳለውም ጠይቃኛለች።»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ ጎረቤት ነን ማለት ይቻላል። ልጅዎ ትክክል ናት። የቁጥሩ መጨረሻ 321 ነው። ፕራይም ግን አይደለም። ፕራይም፣ በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የምንለው፣ ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። ይሄኛው 45 አካፋዮች አሉት። ሁሉንም በእርሳስና በወረቀት ማግኘት ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ላሳይዎት፤ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል።

በቅድሚያ የኤክሴሉን ነገር እንጨርስ። ኤክሴል አንድን ቁጥር የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ብቻ ነው። የልጅዎ ቁጥር 17 አሃዝ አለው። የተረፉትን ሁለቱን ጣላቸውና በቦታቸው ዜሮ ተካ። 21 የነበረው 00 ሆነ። ስልክዎም ያው ነው፤ ቁጥሩ ስላልበቃለት አሳጥሮ ጻፈው። ፊደሉና ከኋላው ያለው 16 «ነጥቡን 16 ቦታ ወደ ቀኝ ውሰደው» ማለት ነው። አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በተለመደው አያያዛቸው ሙሉ ቁጥሮችን አንድም ሳይዘልሉ የሚያስቀምጡት እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ነው። ይህ 2 በራሱ እየተባዛ 53 ጊዜ ሲጻፍ የሚመጣው ነው። ከዚያ አልፎ እስከ እጥፉ ድረስ ቦታ ያላቸው ተጋማሾቹ ብቻ ናቸው። የልጅዎ ቁጥር የወደቀው እዚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ጎዶሎም ነው። ስለዚህ ማሽኑ በዚህ አያያዝ ቁጥሩን እንዳለ መያዝ አይችልም። ይህን ለልጅዎ ቢነግሯት ጥሩ ነው። ማሽኑ ሌላ ሲላት የራሷን ቁጥር አለመጣሏ በጣም ደስ ብሎኛል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?

ቅዳሜ ከሰዓት ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ ኮሚናሉ ፊት ለፊት፣ የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። ሰሌዳ የለንም። ኮብልስቶኑ ላይ በጠመኔ እንጽፋለን። ድንጋዮቹ በመስመር ስለተነጠፉ ለማባዛት ይመቻሉ፤ በአንድ ድንጋይ ላይ አንድ አሃዝ። አሃዞቹ ካልተዛነፉ ደግሞ ማባዛት ግማሹ አለቀ።

አንድ ቀን 11ን በ11 አባዙ አልኳቸው። ሁለት ረድፍ ሆነ። ሁለተኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ ወደ ግራ ገባ ይላል። ወደ ታች ሲደመር 121። ቀጥሎ 111 በ111። ሦስት ረድፍ፣ እያንዳንዱ አንድ ድንጋይ ወደ ግራ እየገባ። ውጤቱ 12321። 1111 በ1111 ደግሞ 1234321 ሆነ። እዚህ ላይ አንዷ ልጅ ጠመኔውን ጥላ «ሌላውን ሳናባዛ እናውቀዋለን!» አለች። እውነቷን ነው። ግን ለምን?

ዘጠኝ አንዶችን በዘጠኝ አንዶች እናባዛ። ዘጠኝ ረድፍ ይደረደራል፤ በየረድፉ ያለው አሃዝ ሁሉ 1 ነው፤ እየተገፉ እንደ ደረጃ ይወጣሉ። ወደ ታች ስንደምር የምንሠራው በየዓምዱ ስንት አንዶች እንዳሉ መቁጠር ብቻ ነው። በቀኝ ጫፍ ባለው ዓምድ አንድ 1 አለ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። መሃል ላይ ዘጠኙም ረድፎች ይገናኛሉ፤ እዚያ 9 ይጻፋል። ከመሃል ካለፍን በኋላ የላይኞቹ ረድፎች አንድ በአንድ ያልቃሉ። 8፣ 7፣ 6 እያለ ወደ 1 ይወርዳል።

ስለዚህ 111,111,111 በራሱ ሲባዛ 12,345,678,987,654,321 ነው። ልጅዎ የጻፈችው ቁጥር ስኩዌር ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ ከ1 የሚበልጥ ስኩዌር ብቸኛ ቁጥር ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ግን አትቁሙ። አስር አንዶችን በአስር አንዶች ብናባዛስ? ልጆቹ 12345678910987654321 ይሆናል ብለው ገመቱ። እኔ ዝም አልኩ። ድንጋዩ ላይ ሠሩት። መሃል ላይ ያለው ዓምድ አስር አንዶች አሉት። አስር በአንድ ድንጋይ ላይ አይጻፍም። 0 ተጽፎ 1 በእጅ ይያዛል። እሱ በግራ ያለው 9 ላይ ሲደመር እሱም 10 ሆነ። እንደገና 0፣ እንደገና 1 በእጅ። ቀጥሎ ያለው 8 ወደ 9 ተቀየረ። ውጤቱ 1234567900987654321 ነው። መስተዋቱ ተሰበረ። ከግራ ሲነበብ ከ7 ቀጥሎ 9 ነው፤ 8 የለም።

የጠፋው 8 ሌላም ቦታ ይጠፋል፤ ልጆቹን እዚህ ጋ በደንብ አቆያቸዋለሁ። 111,111,111ን በ9 አካፍሉ። በ9 እንደሚካፈል ሳናካፍል እናውቃለን፤ አሃዞቹ ሲደመሩ 9 ነው። 10 ማለት 9 እና 1 ነው፤ 100 ማለት 99 እና 1 ነው። ስለዚህ በየቦታው ያለ አሃዝ ለ9 ሲባል የሚያስተርፈው ራሱን ነው፤ ቀሪዎቹን ደምሮ ማየት ይበቃል። አሁን በረጅሙ እናካፍል። 11 ለ9፣ 1 ደርሶ 2 ይቀራል። 21 ለ9፣ 2 ደርሶ 3 ይቀራል። 31 ለ9፣ 3 ደርሶ 4 ይቀራል። ቀሪው በአንድ በአንድ እያደገ ይሄዳል። 71 ለ9፣ 7 ደርሶ 8 ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው 81 ነው። 81 ለ9 ደግሞ ልክ 9 ነው፤ ምንም አይተርፍም። 8 ተዘለለ። መልሱ 12345679 ሆነ።

አሁን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው እንፍታው። ዘጠኙን አንዶች ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ተመልከቱ፦ 111 111 111። አንድ 111 ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ 111 ሲባዛ በ1,001,001 ነው። 111 ደግሞ 3 ሲባዛ በ37 ነው። 1,001,001ስ? አሃዞቹ ሲደመሩ 3 ናቸው፤ በ3 ይካፈላል። 333,667 ይደርሳል። ስለዚህ

111,111,111 = 3 × 3 × 37 × 333,667

የልጅዎ ቁጥር የዚህ ስኩዌር ስለሆነ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይገባል። አራት 3፣ ሁለት 37፣ ሁለት 333,667። 3 እና 37 ብቸኛ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። 333,667 ግን መጣራት አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ወደ ማሽን ይሮጣል። እኔ ደግሞ ይህን ቁጥር የምወደው በዚህ ቦታ ነው።

የተለመደው መንገድ ይህ ነው። 577 በ577 ሲባዛ 332,929 ይሆናል። 578 በ578 ግን 333,667ን ያልፋል። ስለዚህ እስከ 577 ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ይበቃል። እነሱ 106 ናቸው። 106 ጊዜ ማካፈል ይቻላል፤ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

አቋራጭ አለ። 333,667ን በ2,997 አባዙት። በ3,000 ሲባዛ 1,001,001,000 ነው፤ ከዚያ ላይ ሦስት እጥፉን፣ ማለትም 1,001,001ን ስትቀንሱ ልክ 999,999,999 ይመጣል። ዘጠኝ ዘጠኞች። ስለዚህ 333,667ን የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ዘጠኙን ዘጠኞችም ያካፍላል።

ይህ ምን ይጠቅማል? አንድን ለ37 ብታካፍሉ 0.027027027 እያለ ይሄዳል። በየሦስት አሃዙ ራሱን ይደግማል፤ 37 ሦስት ዘጠኞችን፣ ማለትም 999ን ስለሚያካፍል ነው። ዘጠኝ ዘጠኞችን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥርም ድግግሞሹ በየ9 አሃዙ ይገጥማል። እንግዲህ ትንሹ ድግግሞሽ 9ን ማካፈል አለበት፤ 1፣ 3 ወይም 9 ይሆናል። 1 ወይም 3 ከሆነ ቁጥሩ 999ን ያካፍላል። 999ን የሚያካፍሉ ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ 3 እና 37 ብቻ ናቸው። 333,667 በ3 አይካፈልም፤ አሃዞቹ ሲደመሩ 28 ናቸው። ለ37 ሲካፈልም 1 ይተርፋል። ስለዚህ የምንፈልገው አካፋይ ካለ ድግግሞሹ በትክክል 9 ነው።

አሁን ፒየር ደ ፌርማ ይምጣልን። ፈረንሳዊ የሕግ ሰው ነበር፤ ሒሳብ የሚሠራው ስለሚወደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1640 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ያሰፈረው ሕግ እዚህ ይሠራል። በእኛ ቋንቋ ስናመጣው፣ የድግግሞሹ ርዝመት ሁልጊዜ ከብቸኛው ቁጥር 1 ሲቀነስ የሚቀረውን ያካፍላል። ለ37 አረጋግጡት፤ ከ37 ላይ 1 ሲቀነስ 36 ነው፣ 3 ደግሞ 36ን ያካፍላል። ለእኛ አካፋይ ድግግሞሹ 9 ነው። ስለዚህ 1 ሲቀነስለት በ9 ይካፈላል። ጎዶሎ ስለሆነ 1 ሲቀነስለት በ2ም ይካፈላል። በአንድ ላይ በ18 ማለት ነው።

በ18 ተካፍለው 1 የሚያስተርፉ፣ ከ577 የማይበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ስንት ናቸው? 19፣ 37፣ 73፣ 109፣ 127፣ 163፣ 181፣ 199፣ 271፣ 307፣ 379፣ 397፣ 433፣ 487፣ 523፣ 541 እና 577። አስራ ሰባት ብቻ! 106 የነበረው ወደ 17 ወረደ። 37ን ከላይ ስለሞከርነው 16 ቀረ። 333,667 ለ19 ሲካፈል 8 ይተርፋል። ለ73፣ 57 ይተርፋል። ለ577፣ 161 ይተርፋል። የቀሩትን እናንተ ሞክሩ፤ በእጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዱም አያካፍለውም። 333,667 ብቸኛ ቁጥር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ደግሞ ተገኘ። 999,999,999 ሲፈታ 3፣ 37 እና 333,667 ብቻ ናቸው ያሉበት። 3 በየአንድ አሃዝ ይደግማል፣ 37 በየሦስት። ስለዚህ በየ9 አሃዙ የሚደግም ብቸኛ ቁጥር በዓለም ላይ 333,667 ብቻ ነው። 1 ለ333,667 ሲካፈል 0.000002997000002997 እያለ ይቀጥላል። ወሰን የሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች አሉ፤ ይህን ጠባይ የያዘው ግን እሱ ብቻ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ የሠራሁ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበር። እንቅልፌ ጠፋ።

45 አካፋዮች ያልኩት አሁን ቀላል ነው። አካፋይ ስንሠራ 3ን ምንም ሳንወስድ ወይም እስከ አራት ጊዜ እንወስዳለን፤ አምስት ምርጫ ነው። ለ37 ሦስት ምርጫ፣ ለ333,667ም ሦስት። አምስት በሦስት በሦስት 45 ነው። አካፋዮች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ካለ ከእሱ ጋር ተባዝቶ ቁጥሩን የሚሰጥ ጓደኛ አለው። እዚህ ግን 45 ጎዶሎ ነው። 22 ጥንዶች ተጣምረው አንዱ ለብቻው ይቀራል። እሱ 111,111,111 ነው፤ ጓደኛው ራሱ ነው። ስኩዌር ቁጥሮች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

ወደ መስተዋቱ ጥያቄ ልምጣ። ከግራም ከቀኝም አንድ መሆኑ ምን ማለት ነው? ልጅዎ የጠየቀችው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ስኩዌር መሆኑ የቁጥሩ ጠባይ ነው፤ መስተዋት መሆኑ ግን የአጻጻፉ ጠባይ ነው።

ይህን ለማየት በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ይበቃል። 111 በግዕዝ ፻፲፩ ነው። እዚህ ሦስት አንዶች የት አሉ? የሉም። መቶ፣ አስር እና አንድ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው። 12321 ደግሞ ፼፳፫፻፳፩ ነው። አስር ሺህ፣ ሃያ ሦስት መቶ፣ ሃያ አንድ። ከኋላ ብታነቡት ሌላ ነው። መስተዋቱ ጠፋ። ነገር ግን ፻፲፩ ጠጠር በ፻፲፩ ረድፍ ብትደረድሩ የሚሞላው ካሬ ያው ነው። አካፋዮቹም አልተነኩም። ሊቃውንቱ በግዕዝ ቁጥር ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ የነበረው ቁጥር እኛ የምናውቀው ቁጥር ነው፤ የተለየው ልብሱ ነው።

እኛ የለመድነው አጻጻፍ ቦታን በአስር እጥፍ ስለሚቆጥር ነው አንዶቹ የተደረደሩት። ዘጠኝ ድረስ ሄዶ አስር ላይ የተሰበረውም ለዚሁ ነው። በአስር ፋንታ በአስራ ስድስት የምንቆጥር ቢሆን ኖሮ ደረጃው እስከ አስራ አምስት አንዶች ይደርስ ነበር። ልጆቼን «ይህ ጠባይ የማን ነው? የቁጥሩ ወይስ የጽሑፉ?» እያልኩ የምጠይቃቸው ለዚህ ነው። ብዙ የቁጥር አስማት እየተባለ የሚዞረው ነገር የጽሑፉ ነው። ያ ማለት አያምርም ማለት አይደለም። የአሃዝ ድምር ዘዴያችንም የጽሑፉ ነው፤ ግን ስለ ቁጥሩ እውነት ይነግረናል።

«ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር መፍታት ከቻልን ሁሉንም እንችላለን ማለት ነው?» ብላ ልጅዎ ትጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ይሄ የተፈታልን አሠራሩን ፊቱ ላይ ስለጻፈ ነው። አሠራሩን የሚደብቅ ቁጥር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሚባሉ ሦስት ሰዎች በዚህ ችግር ላይ የተመሠረተ የምስጢር መልእክት ዘዴ ሠሩ። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ውጤቱን መልሶ መፍታት ግን ከባድ ነው። በዚያው ዓመት ለውድድር የወጣው 129 አሃዝ ያለው ቁጥር የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያውም ብዙ ኮምፒውተሮች ተባብረው። ውስጡ የነበሩት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ 64፣ ሌላው 65 አሃዝ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። በአንዶች ብቻ የተሠራ ቁጥር ብቸኛ ሊሆን ይችላል? ይችላል። 11 ራሱ ብቸኛ ነው። የአንዶቹ ብዛት ግን የግድ ብቸኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዘጠኙን ሦስት ሦስት አድርገን እንደከፈልነው ይከፈላል። ብዛቱ ብቸኛ ሆኖም ላይሳካ ይችላል። 11111 ማለት 41 በ271 ነው። 1111111 ደግሞ 239 በ4649 ነው። ከሁለት አንዶች በኋላ የሚሳካው 19 አንዶች ላይ ነው፣ ከዚያ 23፣ ከዚያ 317፣ ከዚያ 1031። እንዴት እንደሚራራቁ አያችሁ።

ልጅዎ አሁን 45ቱን አካፋዮች ከትንሹ ጀምራ ደብተሯ ላይ ትጻፋቸው። እኔ ልጀምርላት፦ 1፣ 3፣ 9፣ 27፣ 37፣ 81፣ 111፣ 333፣ 999። የሚቀጥለው 37 በ37 ነው። 13ኛው ላይ ስትደርስ 12321ን ታገኘዋለች።